ከፋላ እስከ መቅደላ፦ የቀደመው የቱ ነው?

መስከረም 24 ቀን 2015 ዓ.ም. የስዊድን ንጉሣዊ የሳይንስ አካዳሚ የዓመቱን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ለፈረንሳዊው አለን አስፔ፣ ለአሜሪካዊው ጆን ክላውዘር እና ለኦስትሪያዊው አንቶን ዛይሊንገር መስጠቱን አስታወቀ። ሦስቱ የተሸለሙት በተቆራኙ ፎቶኖች ላይ ባደረጓቸው ሙከራዎች ነው። ወደ እኛ የመጣው ዜና ግን ነገሩን ሁሉ በአንድ አረፍተ ነገር ጠቅልሎት ነበር፤ ሁለት ቅንጣቶች አንዴ ከተቆራኙ የቱንም ያህል ቢራራቁ በአንዱ ላይ የደረሰው በዚያው ቅጽበት በሌላው ላይ ይደርሳል የሚል። ይህ አባባል ከዚያ ወዲህ በሬዲዮም፣ በዩቲዩብም፣ በተማሪዎች የሳይንስ ክበብም ሲደጋገም ይሰማል። ደጋግሞ የሚለው ሰው ግን አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ያፈረሰውን ነገር ሳያውቀው መልሶ እያቆመው ነው። ለሁለት የተራራቁ ቦታዎች፣ ለተመልካቾች ሁሉ የጋራ የሆነ «ያው ቅጽበት» የሚባል ነገር የለም። የሌለ ቅጽበት ላይ ደግሞ ምንም ነገር ሊተላለፍ አይችልም።

በእኔ እምነት ከኖቤሉ ጀርባ ያለው ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ነው፤ በእኛ ቋንቋ ግን እምብዛም አልተነገረም። ለማስረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ደቡብ ወሎ ውስጥ ያለው የመቅደላ አምባ ይበቃል።

አምባውን ያየ ሰው እንደሚያውቀው መቅደላ ብቻውን የቆመ ተራራ አይደለም። በአንድ በኩል ፋላ፣ በመካከል የሥላሴ አናት፣ በሌላው በኩል ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ራሱ መቅደላ አለ። ሥላሴንና መቅደላን ሰላምጌ የተባለው ሜዳ ያያይዛቸዋል፤ ከሥር የአሮጌ ሜዳ ተዘርግቷል። ከፋላ እስከ መቅደላ ያለውን ርቀት ለስሌት እንዲመች 3 ኪሎ ሜትር ብለን እንያዝ። ብርሃን ይህን ለመሻገር የሰከንድ መቶ ሺኛ፣ ማለትም 10 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጅበታል። አሁን በፋላ አናት አንድ መሣሪያ፣ በመቅደላ አናት ሌላ መሣሪያ እንትከል፤ በመካከላቸው ሰላምጌ ላይ ደግሞ የተቆራኙ ፎቶኖችን ጥንድ ጥንድ እያደረገ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ የሚልክ ምንጭ እናስቀምጥ። ሁለቱ ልኬቶች የሚካሄዱት ከ10 ማይክሮ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ይሁን፤ እንዲህ ከሆነ ከአንዱ ወደ ሌላው ምንም የብርሃን ምልክት በጊዜው ሊደርስ አይችልም። ጥያቄው እንግዲህ ቀላል ይመስላል። የቀደመው የቱ ነው፤ የፋላው ልኬት ወይስ የመቅደላው?

ወደ መልሱ ከመሄዳችን በፊት ከእውነተኛው አንጻራዊነት ጋር የሚምታቱ ሁለት ነገሮችን መለየት አለብን። አንደኛው የሰዓት አጠራር ነው። እኛ ከንጋት ቆጥረን አንድ ሰዓት የምንለውን ፈረንጅ ሰባት ይለዋል፤ በዓመትም ሰባትና ስምንት ዓመት እንለያያለን። ሆኖም ሁለት ደወሎች እኩል መደወላቸውን ወይም አለመደወላቸውን በተመለከተ ከፈረንጁ ጋር ፈጽሞ አንጣላም። ልዩነቱ የስም ብቻ ነው።

ሁለተኛው የወሬ መዘግየት ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ መቅደላ ላይ ሲሞቱ ለንደን ምንም አታውቅም ነበር። ወሬው በበቅሎ፣ በመርከብና በቴሌግራፍ እየተቀባበለ ቆይቶ ነው የደረሰው። ከእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር የዘመተው የኒው ዮርክ ሄራልድ ጋዜጠኛ ሄንሪ ስታንሊ ሱዌዝ ላይ የቴሌግራፍ ሠራተኛውን አስቀድሞ ስለያዘው፣ የእሱ ዜና ከእንግሊዝ መንግሥት ይፋዊ መልእክት ቀድሞ ለንደን ገባ። ወሬው ግን ቢዘገይም ቢቀድምም፣ የለንደን ሰው ቀኖቹን ወደ ኋላ ቆጥሮ «ያን ጊዜ እኔ ምሳ እየበላሁ ነበር» ማለት ይችላል። በኒውተን ዓለም መቅደላ ላይ ሽጉጥ የጮኸበት ቅጽበት ለንደንም ላይ አንድና የማያሻማ ቅጽበት ነው፤ የሚጎድለው ወሬው ብቻ ነው።

አንስታይን ያለው ከዚህ የተለየ ነው። ወሬው ደርሶ፣ የብርሃኑ የጉዞ ጊዜ በጥንቃቄ ተቀንሶ፣ ሰዓቶቹ ሁሉ ተስተካክለው ካበቁ በኋላም እንኳ፣ እርስ በርስ የሚንቀሳቀሱ ሁለት ተመልካቾች «እነዚህ ሁለት ነገሮች እኩል ሆኑ» በሚለው ላይ አይስማሙም። ሁለቱም አልተሳሳቱም። መነሻው የብርሃን ፍጥነት፣ በሰከንድ 299,792,458 ሜትር፣ ለተቀመጠውም ለሚሮጠውም አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ይህን ከተቀበልን በኋላ የ«እኩል» ትርጉም ከተመልካቹ እንቅስቃሴ ጋር አብሮ መቀየሩ የግድ ይሆናል።

በቁጥር እንየው። የልዩነቱ መጠን የተመልካቹን ፍጥነት በሁለቱ ቦታዎች ርቀት አባዝተን ለብርሃን ፍጥነት ካሬ ስናካፍለው የሚገኘው ነው። ሰላምጌ ላይ ለቆመ ሰው ሁለቱ ልኬቶች ፍጹም እኩል ተካሄዱ እንበል። ከፋላ ወደ መቅደላ አቅጣጫ በሰከንድ 250 ሜትር የሚበር አውሮፕላን ላይ ላለ ተመልካች ግን የመቅደላው ይቀድማል፤ በ8 ፒኮ ሰከንድ ገደማ፣ ማለትም በሰከንድ ሚሊዮንኛ ሚሊዮንኛ ስምንት ያህል። አውሮፕላኑ ዞሮ በመጣበት ሲመለስ ደግሞ የፋላው በዚያው መጠን ይቀድማል። በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ለምትጓዝ ሳተላይት ልዩነቱ ወደ ሩብ ናኖ ሰከንድ ያድጋል። በቅሎ ላይ ተቀምጦ ለሚሄድ ሰው እንኳ ልዩነቱ ዜሮ አይደለም፤ የምናውቃቸው ሰዓቶች ሊይዙት የማይችሉ ኢምንት ቢሆን ነው። ርቀቱ ሲሰፋ ግን ኢምንቱ ይገዝፋል። 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ወደሚርቀው የአንድሮሜዳ ጋላክሲ አቅጣጫ በእግር የሚራመድና ቆሞ የቀረ ሁለት ሰዎች «አሁን እዚያ ምን እየሆነ ነው» በሚለው ላይ ከአራት ቀን በላይ ይለያያሉ።

ይህ የሰዓት ጨዋታ የሚመስለው ካለ በኪሱ ያለው ስልክ ምስክር ነው። አቅጣጫ የሚጠቁሙት የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሰዓት ከምድሩ ሰዓት ጋር ሲነጻጸር በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ስለሚቀድም አስቀድሞ ታርሞ ነው የሚላከው። ያ እርማት ባይኖር መካነ ሰላም ያለ ስልክ ቦታውን በኪሎ ሜትሮች ይስተው ነበር።  

ሁሉም ቅደም ተከተል ይገለባበጣል ማለት ግን አይደለም። በ1860ው የመቅደላ ጦርነት፣ በስቅለት ዕለት የቴዎድሮስ መድፎች ከፋላ አናት ወደ አሮጌ ሲተኩሱ፣ የመድፉ መተኮስ ከጥይቱ መውደቅ መቅደሙን የማይቀበል ተመልካች የለም፤ በየትኛውም ፍጥነት ቢጓዝ። ከአንዱ ክስተት ወደ ሌላው ብርሃን ወይም ከብርሃን የዘገየ ነገር መድረስ ከቻለ ቅደም ተከተሉ ለሁሉም አንድ ነው። የሚገለባበጠው ብርሃን እንኳ ሊያገናኛቸው በማይችል ሁለት ክስተቶች መካከል ያለው ብቻ ነው። ምክንያትና ውጤት የተጠበቁት በዚህ አጥር ነው። አጥሩን ጥሶ ከብርሃን የፈጠነ ምልክት መላክ ቢቻል፣ ለአንዳንድ ተመልካቾች ምልክቱ ሳይላክ ይደርስ ነበር። አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1935 በኳንተም ፊዚክስ ላይ ያነሳው ቅሬታ ከዚሁ ይመነጫል።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 1935 አንስታይን ከቦሪስ ፖዶልስኪና ከናታን ሮዘን ጋር በፊዚካል ሪቪው መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር ጦሯን በምታከማችባቸው ወራት መሆኑ ነው። የክርክራቸው ፍሬ ነገር ይህ ነው። የተቆራኙ ሁለት ቅንጣቶች ተራርቀው ሲለኩ ውጤታቸው ይገጥማል። አንዱ ወደ ሌላው ሊልክ የሚችለው ነገር ከሌለ፣ መግጠማቸው ሊብራራ የሚችለው ሁለቱም ከመነሻው መልሳቸውን ይዘው ስለወጡ ነው። የኳንተም ቲዎሪ ደግሞ ስለዚህ አስቀድሞ ስለተያዘ መልስ ምንም አይልም፤ ስለዚህ ያልተሟላ ነው። የሚያሳምን ክርክር ነበር፤ ለ29 ዓመት ማንም በሙከራ የሚፈትሽበትን መንገድ አላገኘለትም።

መንገዱን ያገኘው የቤልፋስቱ ተወላጅ ጆን ቤል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1964። ይህን ቀስ ብለን እንከተለው፤ ሒሳቡ ከክፍልፋይ አያልፍም።

ከሰላምጌ በየጊዜው ሁለት መልእክተኞች ይወጣሉ እንበል፤ አንዱ ወደ ፋላ፣ አንዱ ወደ መቅደላ። በየአናቱ ያለው ጠያቂ ከሦስት ጥያቄዎች አንዱን ብቻ፣ መልእክተኛው ከተነሳ በኋላ በዕጣ መርጦ ይጠይቃል። መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ነው። ሁለቱ ጠያቂዎች በአጋጣሚ ተመሳሳይ ጥያቄ በመረጡ ቁጥር መልሶቹ ሁልጊዜ ይገጥማሉ። መንገድ ላይ መገናኘት ስለማይችሉ ይህ ሊሆን የሚችለው ሁለቱም አንድ ዓይነት ወረቀት ይዘው ከወጡ ነው፤ ለምሳሌ ለመጀመሪያው «አዎ»፣ ለሁለተኛው «አዎ»፣ ለሦስተኛው «አይ» የሚል። አሁን የተለያየ ጥያቄ የተጠየቁባቸውን ጊዜያት ብቻ ለይተን እንቁጠር። ሦስት መልሶች በሁለት ዓይነት ብቻ ስለሚጻፉ ቢያንስ ሁለቱ የግድ አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ምንም ይሁን ምን፣ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች በዕጣ ሲመረጡ መልሶቹ በአማካይ ከሦስት ጊዜ ቢያንስ አንዴ ይገጥማሉ። በ1,200 ጥንድ ከ400 አያንስም።

መልእክተኞቹን በፎቶኖች፣ ሦስቱን ጥያቄዎች ደግሞ የብርሃንን የመወዛወዣ አቅጣጫ በሚለይ ማጣሪያ እንተካቸው፤ ማጣሪያው በ0፣ በ60 ወይም በ120 ዲግሪ ይቆማል። ፎቶኑ ማጣሪያውን ካለፈ «አዎ»፣ ካላለፈ «አይ» ነው። የኳንተም ቲዎሪ የመግጠሙን ዕድል የሚሰጠው በሁለቱ ማጣሪያዎች መካከል ባለው አንግል ኮሳይን ካሬ ነው። ማዕዘኖቹ አንድ ሲሆኑ ሁልጊዜ ይገጥማሉ፤ ሲለያዩ ግን ከአራት አንዴ ብቻ። በ1,200 ጥንድ 300። አራት መቶና ሦስት መቶ፤ በመካከላቸው ማስታረቂያ የለም። ቤል ያየው ይህን ክፍተት ነው፤ ወረቀት ይዞ የወጣ መልእክተኛ፣ ወረቀቱ የቱንም ያህል በብልሃት ቢጻፍ፣ ከ400 በታች ሊወርድ አይችልም።

ክላውዘርና ስቱዋርት ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1972 በርክሌይ ላይ፣ አስፔና ባልደረቦቹ በ1982 ኦርሴ ላይ ለኩት፤ ተፈጥሮ የኳንተሙን ቁጥር ይዛ ተገኘች። የአስፔ ሥራ ልዩ የሆነው ፎቶኖቹ በመንገድ ላይ እያሉ ጥያቄው መቀያየሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በኔዘርላንድስ ዴልፍት፣ በኦስትሪያ ቪየናና በአሜሪካ ቦልደር የተካሄዱት ሦስት ሙከራዎች ደግሞ ለወረቀት ያዥ መልእክተኞች የቀሩትን ማምለጫዎች አንድ ላይ ዘጉ። ዴልፍት ላይ መሣሪያዎቹ 1.3 ኪሎ ሜትር ይራራቁ ነበር፤ ለብርሃን ከ4 ማይክሮ ሰከንድ ጥቂት ይበልጣል፤ ልኬቶቹም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ተጠናቀቁ። የአንስታይን ወረቀት ያዥ መልእክተኞች የሉም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። መልሱ አስቀድሞ ካልተጻፈ፣ አንዱ ለሌላው በፍጥነት ነግሮታል ማለት ነው ብሎ ይደመድማል። ነገር ግን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ፤ ማን ለማን ነገረ? ከፋላ ወደ መቅደላ ለሚበረው ተመልካች የመቅደላው ልኬት ቀድሟል፤ ስለዚህ መቅደላ ለፋላ ነገረ ሊል ነው። ሲመለስ ፋላ ለመቅደላ ነገረ ሊል ነው። ሰላምጌ ላይ ለቆመው ማንም ማንንም አልቀደመም። ሦስቱም በአንጻራዊነት ሕግ እኩል መብት አላቸው፤ ሦስቱም ደግሞ የሚቆጥሩት ያንኑ 300 ነው። ቀመሩን ብናገላብጠው ምክንያቱ ይታያል፤ በውስጡ የሁለቱ ማጣሪያዎች አንግል እንጂ ሰዓት የለበትም። ማን እንደቀደመ አይጠይቅም፣ አይፈልግምም። «ነገረው» የሚለው ታሪክ ግን ያለ ቀዳሚና ያለ ተከታይ አንድ እርምጃ አይራመድም። ለእኔ ይህ የጎን ዝርዝር አይደለም። ቁርኝት ማለት በፍጥነት የሚሄድ ተጽዕኖ አይደለም፤ ሁለት የተራራቁ ልኬቶች አንድ ላይ ብቻ የሚገለጽ አንድ ውጤት ያላቸው መሆኑ ነው፣ ያውም ቅደም ተከተል ሳያስፈልገው።

ይህን በሐሳብ ሙከራ ብቻ ያልተዉት ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 አንቱዋን ሱዋሬዝና ቫሌሪዮ ስካራኒ ደፋር ሐሳብ አቀረቡ። ተፈጥሮ በእርግጥ ቅደም ተከተልን የምትጠቀም ከሆነና ቅደም ተከተሉም የሚወሰነው በየመለኪያው እንቅስቃሴ ከሆነ፣ ሁለቱን መለኪያዎች እርስ በርስ በማንቀሳቀስ እያንዳንዱ በራሱ እይታ «እኔ ቀደምኩ» የሚልበት ሁኔታ መፍጠር ይቻላል። ሁለቱም ከቀደሙ የሚከተል የለም፤ ስለዚህ መግጠሙ መጥፋት አለበት። በ2002 ጄኔቫ ላይ አንድሬ ስቴፋኖቭ፣ ሁጎ ዝቢንደን፣ ኒኮላ ጂሳንና ሱዋሬዝ ራሱ ሙከራውን አደረጉ። መስታወት በሰከንድ በኪሎ ሜትሮች ማስሮጥ ስለማይቻል በክሪስታል ውስጥ የሚጓዝ የድምፅ ሞገድን እንደሚንቀሳቀስ መስታወት ተጠቀሙበት። መግጠሙ አልጠፋም፤ ቅንጣት ታህል አልተነቃነቀም። ሱዋሬዝ የራሱን ሐሳብ የጣለበትን ሙከራ አብሮ መፈረሙ የሳይንስ መልካም ጠባይ የታየበት ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ ሙከራ ከኖቤሉ ዜና ጋር ባለመነገሩ አዝናለሁ፤ በአንጻራዊነትና በቁርኝት መካከል ስላለው ነገር ከሁሉ በላይ በግልጽ የሚናገረው እሱ ነውና።

አንድ መውጫ በር ግን ቀርቷል፤ ቤል ራሱ አልዘጋውም ነበር። ምናልባት ለእኛ የማይታይ፣ ከሌሎች የተለየ አንድ እውነተኛ «አሁን» አለ፤ ከብርሃን የፈጠነው ተጽዕኖም በእሱ ላይ ተመሥርቶ ይሄዳል፤ እኛ ግን ልናየው አንችልም። የዴቪድ ቦም ቲዎሪ ተከታዮች እስከ ዛሬ የሚሄዱበት መንገድ ይህ ነው፤ ሊናቅም አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ2008 የጂሳን ቡድን ጄኔቫ አካባቢ 18 ኪሎ ሜትር በሚራራቁት በሳቲኒና በጁሲ መንደሮች መካከል ለክቶ፣ እንዲህ ያለ ተጽዕኖ ካለ ፍጥነቱ የብርሃንን ከ10,000 ጊዜ በላይ የሚያጥፍ መሆን እንዳለበት አሳየ። ከዚያ በ2012 ዣን ዳንኤል ባንካልና ባልደረቦቹ ይበልጥ ጠንካራ ነገር በሒሳብ አረጋገጡ። ፍጥነቱ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን መጠን ያለው ከሆነ፣ ከሁለት በላይ ተቆራኝተው በሚለኩበት ጊዜ ሰዎች ከብርሃን የፈጠነ መልእክት ሊላላኩበት ይችሉ ነበር። ስለዚህ በሩን የሚመርጥ ወሰን የለሽ ፍጥነትን አብሮ መቀበል አለበት፤ ያውም በምንም መለኪያ ሊታይ በማይችል «አሁን» ላይ። የማይታይ ነገርን ለማዳን የሚከፈለው ይህ ሁሉ ዋጋ ለእኔ የበዛ ይመስለኛል። እንደ እኔ የማያስቡ ጠንካራ የፊዚክስ ሰዎች አሉ።

መልእክት ስለ መላክ ከተነሳ፣ ለደቡብ ወሎ ሰው በቀጥታ የሚመለከተው ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሲቆይ፣ ኳንተም ወደፊት ያለ ኔትወርክ ያገናኘናል የሚል ተስፋ በወጣቶች ዘንድ ሲነሳ ሰምቻለሁ። አያገናኝም። ፋላ ላይ ያለው ጠያቂ የራሱን ውጤት ብቻውን ቢያይ ግማሹ «አዎ»፣ ግማሹ «አይ» ነው፤ መቅደላ ላይ ያለው ምንም ቢጠይቅ ይህ አይቀየርም። መግጠሙ የሚታየው ሁለቱ መዝገቦች በተለመደው መንገድ፣ በስልክ ወይም በእግር፣ ተገናኝተው ጎን ለጎን ሲነበቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 አርተር ኤከርት ያቀረበው በቁርኝት ላይ የተመሠረተ የምስጢር ቁልፍ አሠራርም፣ የአንድን ቅንጣት ሁኔታ ወደ ሌላ ቦታ የሚያሻግረው የኳንተም ቴሌፖርቴሽንም ያለ ተራ የመገናኛ መስመር አይሠሩም። ሁለቱም የሚሰጡት ጥቅም እውነተኛ ነው፤ የተቆረጠን መስመር መተካት ግን ከጥቅማቸው ውስጥ የለም። ቅደም ተከተልን የሚያጠፋው ባሕርይ መልእክትን የሚከለክለው ያው ባሕርይ ነው። መልእክት ቢያልፍ ኖሮ ላኪና ተቀባይ ይለዩ ነበር፤ ላኪና ተቀባይ ከተለዩ ደግሞ የቀደመው ይታወቅ ነበር።

በዚህ ዘርፍ ኢትዮጵያ ተመልካች ብቻ አይደለችም፤ ይህን ራሳችን እንኳ በቅጡ አናውቀውም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ክፍል ፕሮፌሰር ፍሥሐ ካሳሁን የኳንተም ኦፕቲክስን ምርምር ለብዙ ዓመታት መርተው የማስተማሪያ መጽሐፍም ጽፈውለታል፤ ተማሪዎቻቸውም በዓለም አቀፍ መጽሔቶች ያሳተሙት ብዙ ነው። ሥራቸው ያተኮረው ባለ ሦስት እርከን ሌዘር በሚባለው ላይ ነው። አቶሙ ከላይኛው እርከን ወደ መካከለኛው፣ ከዚያም ወደ ታችኛው ሲወርድ ሁለት ዓይነት ብርሃን ይለቃል። አቶሙ መጀመሪያ ላይኛውንና ታችኛውን እርከን በአንድ ላይ በያዘ ሁኔታ ከተዘጋጀ ሁለቱ ብርሃኖች የተቆራኙ ይሆናሉ። ስንታየሁ ተስፋ በ2006 እና እዮብ አለባቸው በ2007፣ ሁለቱም በአውሮፓ አቆጣጠር፣ በፊዚካል ሪቪው ኤ ላይ ያወጧቸው ጽሑፎች ይህን ቁርኝት እንዴት ማጠናከር እንደሚቻል የሚያሰሉ ናቸው። አንስታይን ጥያቄውን ባነሳበት መጽሔት ቤተሰብ ውስጥ፣ ስለዚያው ጉዳይ፣ ከአራት ኪሎ የተጻፈ መልስ አለ።

የእነዚህ ሥራዎች ወሰንም መነገር አለበት። ሁለቱ ብርሃኖች የሚሰሉት በአንድ የሌዘር ክፍል ውስጥ አብረው እያሉ ነው። ቁርኝቱ መኖሩንና መጠኑን ይነግሩናል፤ የተራራቀ ልኬት ግን ስለሌለ ስለ ቅደም ተከተል የሚፈትሹት ነገር የለም። ይህ ጉድለት ሳይሆን የሥራው ዓይነት ነው። የቀረው ግማሽ፣ ማለትም የርቀቱና የሰዓቱ ጉዳይ፣ በአገራችን ገና ያልተነካ መሬት ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የፈረንጆቹን 2025 የኳንተም ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዓለም አቀፍ ዓመት ብሎ ሲሰይም የውሳኔ ሐሳቡን በይፋ ያቀረበችው ጋና ነበረች። አፍሪካዊ አገር ግንባር ቀደም ስትሆን እኛ ምን ይዘን ቀረብን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች ያሉት የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ስሙን የወሰደው ከዚሁ አምባ ነው። እንዲህ ላለ ወጣት ዩኒቨርሲቲ ሙሉ የቁርኝት ቤተ ሙከራ ውድ ነው፤ ነጠላ ፎቶን የሚይዙት መሣሪያዎች ብቻ ብዙ ዶላር ይጠይቃሉ። ኢንተርኔት ባለበት ቀን ግን አይቢኤም ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በክላውድ በከፈታቸው የኳንተም ኮምፒዩተሮች ላይ ተማሪው የቤልን ሙከራ ራሱ ሊያካሂድ ይችላል፤ የመልእክተኞቹ ወሰን ሲጣስ በዓይኑ ያያል። መጠንቀቅ ያለበት አንድ ነገር ነው። እዚያ ኮምፒዩተር ውስጥ ያሉት ሁለት ኪዩቢቶች፣ ማለትም የኳንተም ኮምፒዩተር የመረጃ አሃዶች፣ በጣም ስለሚቀራረቡ ብርሃን በልኬቱ ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ ይመላለሳል፤ ስለዚህ ቁርኝትን እንጂ የ«አሁን»ን ጥያቄ አይመልስም። የዙሪክ ተመራማሪዎች በ2023 በዚሁ ዓይነት ኪዩቢት ማምለጫ የሌለው ሙከራ ለማድረግ 30 ሜትር የሚረዝም እጅግ የቀዘቀዘ ቱቦ መዘርጋት ነበረባቸው።

ከፍታው ራሱ ግን ሀብት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የዛይሊንገር ቡድን ከተቆራኙ ፎቶኖች ጥንድ አንዱን በካናሪ ደሴቶች ከላ ፓልማ ወደ ቴነሪፌ፣ 144 ኪሎ ሜትር በክፍት አየር ላይ ላከ፤ ቦታው የተመረጠው ሁለቱም አናቶች 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ በመሆናቸውና አየሩ ስስና ጥርት ያለ በመሆኑ ነው። የወሎ አምባዎች ከዚያ ይበልጣሉ። በበጋ ሌሊት ከአንዱ አናት እስከ ሌላው በግልጽ የሚተያዩ፣ ገመድ ሳይዘረጋ ብርሃን የሚሻገራቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ነገ ይሠራ እያልኩ አይደለም፤ ሰላም ይቅደም። ዕቅድ ሲወጣ ግን ተራራው እንደ እንቅፋት ብቻ መታየት የለበትም።

እስከዚያው ሊለወጥ የሚችለውና ገንዘብ የማይጠይቀው የማስተማሪያው አደረጃጀት ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የዘመናዊ ፊዚክስ ትምህርት በአንጻራዊነት ይጀምራል፤ ኳንተም ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ሁለቱን በአንድ ጥያቄ ላይ የሚያገናኝ መልመጃ ግን የለም ማለት ይቻላል። ተማሪው አንዱን ተፈትኖ ዘግቶ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ የሬዲዮውን «በዚያው ቅጽበት» ሲሰማም የሚጎረብጠው ነገር የለም። እኔ የምመኘው መልመጃ ከእርሳስና ከወረቀት ሌላ አይፈልግም። ርቀቱ 3,000 ሜትር፣ የአውሮፕላኑ ፍጥነት በሰከንድ 250 ሜትር ይሰጥ። ተማሪው መጀመሪያ ለሚሄደው፣ ቀጥሎ ለሚመለሰው አውሮፕላን የትኛው ልኬት በስንት ፒኮ ሰከንድ እንደሚቀድም ያስላ። ከዚያ ማጣሪያዎቹ በ0 እና በ60 ዲግሪ ሲቆሙ ከ1,200 ጥንድ ስንቱ እንደሚገጥም ለሁለቱም አውሮፕላኖች ለየብቻ ያውጣ። የመጀመሪያው መልስ ምልክቱን ይቀይራል፤ ሁለተኛው ለሁለቱም 300 ነው።